አሥራ አንድ ኩንታል ከስልሳ

ነገሪ በዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ጃለታን መቅደም። ሌላው ሁሉ ሞልቶለታል። ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፣ በሮቤና በጎባ መካከል ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ አንዲት ዶሮ እንኳ ሳይገጭ በሰላም ጡረታ ወጥቷል። ያ ታክሲ፣ ማርሹ መሪው ሥር ያለው አሮጌው ፔጆ፣ አሁንም ግቢው ውስጥ አለ። ጃለታ ደግሞ የጎባ ሰው ነው፤ አብሮ አደጉ፣ ሚዜው፣ የፊያት ባለቤት፣ ምላሰኛ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የአካባቢው የድሮ መኪና ባለቤቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገጥማሉ። ቦታው «ነገ ይከፈታል» እየተባለ ዓመታት ያስቆጠረው አዲሱ አስፋልት ነው። ከቱቦው ድልድይ እስከ ብቸኛው ባሕር ዛፍ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ኩርባ የለ፣ ዳገት የለ። ወጣቶቹ «ድራግ» ይሉታል። ጃለታ ሦስት ዓመት አከታትሎ ነገሪን ቀድሞታል፤ አምና እንዲያውም በመኪናው አፍንጫ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ጃለታ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ በቀኝ እጁ አፍንጫውን ሳይነካ አያልፍም። ዘንድሮ ደግሞ አስፋልቱ ሰኔ ላይ የእውነት ሊከፈት ነው ተባለ። እንግዲህ ያለችው ይቺ አንድ ግጥሚያ ናት ማለት ነው። ከእሷ ወዲያ የለም።

«ጋሼ ነገሪ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም» አለው መካኒኩ ደራራ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «መኪናው ነው የከበደው። የማያስፈልገውን አውጥተን እናቅልለው።»

ጥሩ ምክር ነው። ለማቅለል ግን መጀመሪያ መመዘን አለበት፤ ሮቤ ላይ መኪና ልመዝን ያለ ሰው ደግሞ የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ እህል መጋዘኑ በር ላይ ወዳለው የጭነት መኪና ሚዛን። ሚዛኑን የምትጠብቀው ሰይዳ ናት። የስንዴ ሹፌር እዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከመኪናው አይወርድም። ባዶውን ሲመዘን ተቀምጦ ነው፣ ጭኖ ሲመለስም ተቀምጦ ነው፤ የሹፌሩ ክብደት ከዚህም ከዚያም ስለሚቀናነስ ማንም ግድ የለውም። ነገሪም ሆሳዕና ሳይገባ በሰኞ ቀን ፔጆውን ሚዛኑ ላይ አውጥቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ወጉ ቁጭ አለ።

«አሥራ ሁለት ኩንታል፣ ከነሹፌሩ» አለች ሰይዳ በመስኮት።

አሥራ ሁለት የምትለውን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ይሰማል?

ከዚያማ ፋሲካ መጣ። የሁዳዴ ጾም ሰውየውን አጥንቱን አውጥቶት ነበርና ሚስቱ ማናልበሽ «እስቲ ሰው ምሰል» ብላ ተያያዘችው። ዶሮው አለ፣ ቅርጫው አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራል። ዲንሾ ያሉት አማቾቹ ሙክት አረዱለት፤ አጋርፋ ያለው የክርስትና ልጁ «እኔ ቤት ካልበሉ ተቀየምኩ» አለ። ነገሪ ደግሞ ሰው የሚያስቀይም ሰው አይደለም። የሄደበት ሁሉ «አምሮብሃል! ተመችቶሃል!» ይሉታል፤ እሱም ፈገግ ይላል። እኛ አገር ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ?

ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ሥራው ተጀመረ። የኋላ ወንበሩን ነቀሉት። ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የፊትና የኋላ መከላከያውን፣ ምንጣፉን ሁሉ አወጡት። ነገሪ እያንዳንዱን በእጁ እያነሳ እንደ ስንዴ ተሸካሚ ይገምታል፤ «ይቺ ብቻዋን ሃያ ኪሎ አትሞላም? ይሄማ ሠላሳ ነው!» ሲደመር አንድ ኩንታል አለፈ። እየዘፈነ ነው ወደ ሚዛኑ የሄደው።

«አሥራ አንድ ኩንታል ከስልሳ» አለች ሰይዳ።

«ስንት?»

«ከስልሳ።»

«ኧረ በስመ አብ! መኪናውን ባዶ አደረግኩት እኮ! አርባ ኪሎ ብቻ? ሌላው የት ገባ? ሰይዳ፣ ሚዛንሽን ምን አስነካሽው?»

ሰይዳ ከታላላቆቿ ጋር መከራከር የማትወድ፣ ግን ዝም ማለትም የማይሆንላት ሴት ናት። ሻሿን አስተካክላ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች «ወላሂ ጋሼ ነገሪ፣ ሚዛኑ ደህና ነው» አለች። «ሚዛን አይጾምም፣ ሚዛን አይፈስክም።»

ነገሪ ይህን ነገር እቤቱ እስኪደርስ አላመጠው። ጾምን ከሚዛን ምን አገናኘው? ልጅቷ ጤና የላትም እንዴ? ደራራን ጠየቀው። ደራራ መሬት መሬቱን እያየ በእግሩ ጠጠር ገፋ። ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት እንዴት ይባላል?

«ጋሼ፣ ለላም ቀንዷ አይከብዳትም ይባላል» አለ በመጨረሻ።

ይኸውላችሁ! ሰው ግራ ሲገባው እንዲህ ባለ ተረት ጨርሶ ይቀብሩታል። ነገሪ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ፔጆውን ትኩር ብሎ አየው። ቀንድ። ከመኪናው በግራና በቀኝ እንደ ቀንድ የወጣው ምንድን ነው? ብድግ ብሎ ሁለቱንም የጎን መስታወቶች ፈታቸው። እዚያው እያለ ሬዲዮኑንም ነቀለው።

«አባ ኪያ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ማናልበሽ ከደጃፍ፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም እየጠራችው። «መስታወቱ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ከብዷል።»

«መስታወት?»

«ዝም በይ እስቲ፤ አንቺ ስለ ክብደት ምን ታውቂያለሽ?»

ማናልበሽ አየችው፣ አየችውና የተረፈውን ጥብስ አሙቃ አመጣችለት። እየተናደደም ቢሆን በላው።

በሳምንቱ እንደገና ሚዛኑ ላይ ወጣ። «አሥራ አንድ ኩንታል ከስልሳ።» የሚዛኑ መርፌ ንቅንቅ አላለችም! አሁንስ ነገሪ ደሙ ፈላ። ይሄ ሚዛን ሌባ ነው፤ የስንት ገበሬ ስንዴ በልቷል፤ ዛሬ በዓይኔ በብረቱ አያለሁ አለ። ደራራ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ፤ ነገሪ እያለከለከ ወርዶ የሰይዳ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘው ብሎ ገባና መርፌዋ ላይ አፈጠጠ።

አሥር ኩንታል ከሠላሳ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «አላልኳችሁም? ይኸው ተስተካከለ! ሰው ሲቆጣው እኮ ይሠራል!»

 ነገሪ በደስታ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። «እሺ፣ አሁን ስንት ይላል?»

«ከስልሳ» አለች ሰይዳ በቀስታ። «አሥራ አንድ ከስልሳ።»

«ማል ታኤ?» አለ። ምን ሆነ? ማለቱ ነው፤ ሲደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማል። እንደገና ወረደ። አሥር ከሠላሳ። አንድ እግሩን ብቻ አስገባ፤ መርፌዋ ተንቀጠቀጠች። አወጣው፤ ተመለሰች። ሰይዳ የሌለ አቧራ ከጠረጴዛው ላይ ትጠርጋለች። ደራራ ሰማዩን ያያል፤ ዝናብ የሚመጣ ይመስል።

ነገሪ በመኪናውና በሰይዳ ክፍል መካከል ቆሞ ቀረ። ደረቱን ዳሰሰ፣ ሆዱን ዳሰሰ። ወንበሩ፣ ጎማው፣ መከላከያው፣ መስታወቱ፣ ያ ሁሉ የነቀለው ብረት ቢደመር እሱን አያህልም። ከመኪናው መውረድ የነበረበት ትልቁ ዕቃ ሹፌሩ ነበር። አፈረ። ከሁሉ ያሳፈረው ደግሞ ሁሉም ማወቃቸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበላም አለ። ማናልበሽ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። «በበዓለ ሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት? የንስሐ አባትህን ጠርቼ አሁኑኑ ልንገራቸው?» አለች። እውነቷን ነው። ቤተ ክርስቲያን ብሉ ባለችበት ወራት ለመኪና ብሎ የሚጾም ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው? ነገሪ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ቢበላ ለጃለታ እጁን የሰጠ፣ ባይበላ እግዜርን የበደለ እየመሰለው ቁራሹን በእጁ ይዞ ይውላል።

«ሌላ ሰው ይንዳው» አለ ደራራ አንድ ቀን ደፍሮ። «እኔም አለሁ፤ ካልሆነም ኪያ አለች። ኪያ ማለት የእርስዎ ግማሽ አትሆንም።»

ኪያ አንድያ ልጁ ናት። አጋርፋ ታስተምራለች፤ ቀጭን፣ ቁጥብ። መንዳት የለመደችው በዚሁ ፔጆ ነው፤ እሱ ራሱ ነው ያስተማራት።

«ታዲያ ማን ቀደመ ሊባል ነው?» ብሎ ጮኸበት ነገሪ። «ጃለታን የቀደመው ማን ነው ሊባል?»

  ነገሪ ራሱ ከነዳ ይሸነፋል፤ ሌላ ከነዳ ያሸንፍ ይሆናል፣ ግን ያሸነፈው እሱ አይደለም። ይህን ነገር በግራም ቢያዞረው በቀኝም ቢያዞረው ያው ነው። በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ማናልበሽን እንቅልፍ ነሳት።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። የሮቤም የጎባም ሰው አስፋልቱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ኪያም ለማየት መጥታለች። ነገሪ የራስ ቁሩን አድርጎ፣ እየተገፋ እየተጎተተ ፔጆው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሳ። ጃለታ ከጎኑ ፊያቱ ውስጥ ሆኖ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ነገሪ! መስታወትህ የት ሄደ? ከኋላህ እንዳታየኝ ነው? አታስብ፣ ከፊትህ ነኝ!» አፍንጫውንም ነካ።

ሰዉ ሳቀ። ነገሪም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እጁ መሪው ላይ እርጥብ ሆኗል፤ ሁልጊዜም እዚህ መስመር ላይ እንዲህ ያደርገዋል። ባንዲራ የያዘው ልጅ መሃል መንገድ ገባ። ያኔ ነገሪ ምን እንደነካው እሱም አያውቅም። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ከፈተና ወረደ። 

«ኪያ! ነይ ግቢ!»

«አባዬ? ምን ነካህ?»

«ግቢ አልኩሽ! ኋላ ሐሳቤን እቀይራለሁ!»

የራስ ቁሩን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ደፋላት፤ ሰፍቷት እስከ ቅንድቧ ወረደ። ስትገባ በሩን ዘጋባት። ወዲያው ተጸጸተ። ሊያስወርዳት እጁን ወደ በሩ ሰደደ፤ ባንዲራው ወረደ።

ፔጆው ከእግሩ ሥር እንደ ተፈናጠረ ድንጋይ ሄደ። ነገሪ ማየት አልቻለም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ድምፅ ሰማ። አንዱ የፊያቱ ነው፣ ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ከፊቱ ሲጮህበት የኖረ ድምፅ ነው። ሌላው ግን ወፍራም፣ የሚያጓራ፣ አስፈሪ ነገር ነው። እንዲህ የሚያምር ሞተር ከየት መጣ?

«ይሄ የማን ነው?» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«እንዴ ጋሼ!» አለ ደራራ ጆሮው ሥር። «የእርስዎ ነው እንጂ!»

ሠላሳ ዓመት ውስጡ ተቀምጦ ኖሯል፤ ሲሄድ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት ግን አያውቅም። እንባው መጣ። የደስታ ይሁን የቅናት ለእሱም አልለየለትም። ዓይኑን ሲገልጥ ባሕር ዛፉ ሥር ሰው እየዘለለ ነበር፤ ደራራ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ «ቀደመች! በሙሉ የመኪና ርዝመት ቀደመች!» ይላል። «እንኳን ደስ ያለህ!» እያሉ እጁን የሚጨብጡት በዙ። እሱም «አሜን፣ አሜን» ይላል፤ ለምን እንደሚል ግን እርግጠኛ አይደለም።

ጃለታ ፊያቱን አዙሮ ተመልሶ መጣ። ወርዶ ነገሪ ፊት ቆመ። በዚህች ሰዓት ቀልዱ ጠፍቶበታል።

«እንዳትሳሳት፣ ነገሪ» አለ። «የቀደመችኝ ኪያ ናት። አንተ እስከ ዛሬ ቀድመኸኝ አታውቅም። ከእንግዲህም አትቀድመኝም።»

 ነገሩ እውነት ነዋ። መንገዱ በሰኔ ይከፈታል፤ አለቀ። ነገሪ ንዴቱን ሊፈልገው ቢሞክር እሱም የለም። እንዲያው ቀልሎት ይሁን ተዘርፎ ይሁን ሳይገባው እጁን አንጠልጥሎ ቆመ።

ኪያ ፔጆውን አምጥታ አቆመችና ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሁለት እርምጃ ተራምዳ የአባቷን ክንድ ጨበጠች።

«አባዬ» አለችው። «ልነሳ ስል በጣም ፈርቼ ነበር። እግሬ ፔዳሉ ላይ አልረጋ አለኝ፤ ወርጄ ልሸሽ ምንም አልቀረኝ። አንተም እንዲህ ትሆን ነበር?»

ነገሪ ይህን ለሰው ተናግሮት አያውቅም፤ ለማናልበሽም፣ ለንስሐ አባቱም። ጃለታ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።

«ሁልጊዜ» አላት።