ባለኮቱ በየትኛው እጁ ይመታ ነበር?

አናጢ፣ ሌላው አናጢ በምን መዶሻ እንደመታ ሲያስብ እንቅልፍ አያጣም። ዳቦ ጋጋሪም የሌላውን ጋጋሪ መጋገሪያ ታክኮ ፎቶ አይነሳም። ሙዚቀኛ ግን ጉደኛ ፍጡር ነው! አንድ ሰው ጊታር አሳምሮ መታ ሲባል፣ ጣቱን ትቶ ስለ ክሩ፣ ክሩን ትቶ ስለ ማጉያ ሳጥኑ፣ ሳጥኑን ትቶ ስለ ሳጥኑ ገመድ ይጠይቃል። ግን ይፈረድበታል እንዴ? ጣት ገበያ ላይ አይሸጥ! ክር ይሸጣል፤ ስለዚህ ክሩን ይገዛል፤ ገዝቶም ያለቅሳል።

ግራኙም ከነዚሁ አንዱ ነው። በሠርግና በሆቴል ባንዶች ውስጥ አርባ ሦስት ዓመት ጊታር መትቶ ሃምሳ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል። ማንኪያ የሚይዘው በቀኙ ነው፤ የሚጽፈውም በቀኙ፤ ድንጋይ ቢወረውር በቀኙ። ጊታር ሲሆን ብቻ ነው ተገልብጦ ግራኝ የሚሆነው። ለምን ብለው ለሚጠይቁት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር።

«ባለኮቱም እንደዚሁ ነው።»

ባለኮቱ የሚሉት ከሩቅ ከተማ አንድ ሸክላ ብቻ አስቀድቶ ድምፁ የጠፋ ጊታሪስት ነው። በአካል ያየው ማንም አልነበረም። የሚያውቁት በሸክላው ሽፋን ላይ ባለችው ፎቶ ብቻ ነው፦ ነጭ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ጊታር፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ትልቅ ማጉያ ሳጥን። ስሙን ከመያዛቸው በፊት ኮቱን ያዙና ባለኮቱ ሆኖ ቀረ።

ያኔ ግራኙና ሦስት ጓደኞቹ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሸክላ ቤቱ መስኮት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ይቆማሉ። ባለሱቁ ደግ ሰው ነበር፤ ትንፋሻቸው ያደበዘዘውን መስታወት መወልወል ሲሰለቸው፣ የአንድ የተሰበረ ሸክላ ሽፋን አንስቶ «በሉ ውሰዱና ገላግሉኝ!» አላቸው። ከሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽር ተዋሱ። ከዚያ ወዲያማ ምን ይጠየቃል! አንዱ የባለኮቱን ዓይነት ጫማ አግኝቶ በእግሩ ልክ ስላልነበረ ዓመት ሙሉ ሲያነክስ ከረመ። ማጉያ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ይታዩ ነበር። እነሱን ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ የሙዚቃ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ዘንድ ዞሩ። አንዱ ነጋዴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ካየ በኋላ፣ «ይሄ ፋብሪካ ገና አልተከፈተም መሰለኝ፤ ሲከፈት ኑ» አላቸው።

የባለኮቱን እጅ ያየው ግን ግራኙ ብቻ ነው። በአጉሊ መነጽሩ ቁልቁል ሲመለከት የጊታሩ አንገት ወደ ሌላው ወገን ዞሮ አገኘው። ባለኮቱ ክሩን የሚመታው በግራ እጁ ነው! ልጁ ልቡ ዘለለ። ያ የሚያምር ድምፅ ከየት እንደመጣ አገኘሁት አለ።

ልጁ የሚነካካው ጊታር የአባቱ ነበር። አባቱ ሁለት ወንበር ያላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ አንዱ ደንበኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ጊታራቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ይጫወታሉ። አንዳንዱ ሰው ፀጉሩ ሳያድግ ለጨዋታው ብሎ ይመጣ ነበር። ልጃቸውንም ሦስት ኮርድ አስተምረውታል። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን፣ እሳቸው ለአንድ የታመመ ደንበኛ ቤቱ ድረስ ሄደው ሲቆርጡ፣ ልጁ ክሮቹን ፈታ። ከላይ ያለውን ወደ ታች፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ አዛወረ። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ አጥንት አለች፤ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦታ አልገባ ሲለው፣ እሷን በአባቱ ሞረድ ሞርዶ አሰፋት። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በግራው መምታት ጀመረ፤ ምሳውንም ረሳው።

አባቱ ሲመለሱ ጊታሩን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ቢመቱት ተንጫጫ። ጊታሩን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን የሸክላ ሽፋን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«በል እንግዲህ፣ ያንተ ትሁን» ብለው ወደ መቀሳቸው ዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጊታር ነክተው አያውቁም።

ልጅ ልጅ ነውና ያን ጊዜ የተሰማው ደስታ ብቻ ነው። ያደረገውን ያወቀው ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ያቺን ሱቅ ያለ ጨዋታ ፀጥ ብላ ሲያያት ነው። ከዚያ በኋላ አባቱ ባሉበት መጫወት አቃተው። እሳቸው ሲገቡ እጁ ይቆማል። «አባባ፣ እስቲ አንዴ ይሞክሯት» እያለ ሲለምናቸው ኖሯል፤ እሳቸውም «ተወኝ እባክህ፣ ረስቼዋለሁ» እያሉ። አሁን ሚስቱ ከሞተች፣ ልጆቹም አግብተው ከወጡ ወዲህ፣ ከሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ አባቱ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው። ጣታቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው አንዲት ቀን ሲጫወቱ ከመስማት፣ ይቅርታቸውንም በዚያ ከማወቅ ሌላ ምኞት አልነበረውም። የሚጽናናበት ነገር ቢኖር «ጥፋቱስ ጥፋት ነው፤ ግን የባለኮቱን እጅ አገኘሁበት» የሚለው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጊታር ጠጋኙ ወዳጁ ደወለለት።

«የት ነህ? እጄ ላይ የማን ጊታር እንዳለ ብነግርህ አታምነኝም! የባለኮቱ! ልጁ ይዛው መጥታለች።»

ግራኙ ቁርሱን ትቶ በረረ። ሲደርስ የጠጋኙ ቤት በሙዚቀኛ ተጨናንቋል፤ ይሄን ወሬ ማን እንደነዛው እግዜር ይወቅ። የግራኙ ባንድ ከበሮ መቺ ሳይቀር ስልኩን ደግኖ ፎቶ ያነሳል። አንዱ ጠጋ ብሎ ያሸተዋል፤ ኧረ ምን ሊሸት ነው? ጥቁሩ ጊታር ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ክሮቹ በዝገት ቀልተዋል። አጠገቡ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ ሴት ቆማለች። አባቷ ከሞተ ዓመቱ ነው፤ ጊታሩን አሳድሳ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው ያመጣችው።

«ከሩቅ አትየው፣ ያዘው እንጂ!» አለው ጠጋኙ።

ግራኙ እጁን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገ። ከዚያ አነሳው። ልክ እንደለመደው፣ አንገቱን ወደ ቀኝ አድርጎ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ወፍራሙ ክር ከታች ሆነ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ክሩን ማን ነው የቀየረው?»

«ማንም አልነካው። ዝገቱን አታይም?» አለ ጠጋኙ።

ቀለሙ ላይ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ተልጧል፤ እሱም በሌላው ወገን ነው። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ታየዋለች።

«ጋሼ፣ ለምን ገልብጠው ያዙት?»

«እህቴ… አባትሽ ግራኝ አልነበሩም እንዴ?»

«አባዬ? ኧረ በፍጹም! በግራው ብርጭቆ ሲያነሳ እንኳ አይቼው አላውቅም።» ከዚያ ገባትና ሳቀች። «አይ፣ የሸክላውን ፎቶ አይተው ነው! እሱማ ተገልብጦ የታተመ ነው። አባዬ ባየው ቁጥር ‹አታሚዎቹ ግራኝ አድርገው ፈጠሩኝ› እያለ ይስቅ ነበር። ኮቱም እኮ የሱ አይደለም፣ የፎቶ ቤቱ ነው። ያ ሳጥንም ቢሆን ለጌጥ የቆመ ነው።»

ከበሮ መቺው ስልኩ ላይ ያለውን የሸክላ ሽፋን ፎቶ ይዞ እጅ መታጠቢያው ጋ ወዳለው መስታወት ሮጠ። ወዲያው ጮኸ። እነዚያ ሦስት ፊደላት በየሠርጉ የሚከራየው የተራው ሳጥን ስም ነበሩ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ቀጠለች፦ አባቷ ከዚያ ሸክላ በኋላ ሙዚቃውን ትቶ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነ፤ እሱም ግን በልጅነቱ የሚያደንቀው አንድ ጊታሪስት ምን ዓይነት ክር ይጠቀም እንደነበር እስኪሞት ድረስ ሲያጠያይቅ ኖረ።

ግራኙ ከሁሉም ጋር ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ፀጥ ያለችው የአባቱ ሱቅ ፊቱ መጣችበት። የባለኮቱ እጅ እንኳ ቢሆን ኖሮ ደግ! ለአታሚ ስህተት ብዬ ነው አባቴን ከጊታሩ የለየሁት፣ አለ በልቡ። ጥቁሩን ጊታር ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአባቱን ጊታር ይዞ ተመለሰ።

«ወደ ቀኝ መልስልኝ።»

«መቼ ይድረስልህ?»

«አሁን።»

ጠጋኙ ፊቱን አየና ቀልዱን ዋጠው። አዲስ አጥንት ሞርዶ አስገባ፣ ክሮቹን በትክክለኛው ወገን ወጠረ። «ገና አላጣበቅኳትም፣ ክሮቹ ብቻ ናቸው የያዟት፤ ነገ አምጣት» ብሎ አሮጌዋን አጥንት ኪሱ ውስጥ ከተተለት።

አባቱ መስኮት ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ግራኙ ጊታሩን ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው።

«አባባ፣ እንደ ድሮው አድርጌዋለሁ።»

ሽማግሌው ክሮቹን በዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ቆጠሩ። ቀስ ብለው ያዙት። የግራ እጃቸው ጣቶች ሳይፈልጉ ቦታቸው ላይ ሄደው አረፉ። መቱት፤ ድፍን ያለ ድምፅ ወጣ። ደግመው ጫኑ፤ ያው ነው። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡና ለቀቁ።

«መንገዱን አልረሱትም» አሉ ፈገግ ብለው። «መሄዱ ነው ያቃታቸው።»

ግራኙ ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

«አባባ፣ ፎቶው ተገልብጦ የታተመ ነው። ባለኮቱ ግራኝ አልነበረም። በከንቱ ነው ከእጅዎ የቀማሁዎት።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል ነበር እኮ! የወንድ ኮት ኪስ በቀኝ የሚሆነው መስታወት ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በመስታወት ሳይ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊትህን ሳየው ተውኩት። አንተ እኮ ሦስት ደቂቃ አንድ ቦታ የማትረጋ ልጅ ነበርክ! ያን ቀን ምሳህን ረስተህ እዚያች ወንበር ላይ ዋልክ። ጊታር ሌላ ጊዜ ይገኛል፣ የልጄን እንዲህ ያለ ፊት ግን መልሼ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው።»

«ሌላ ጊታር ግን አልገዙም።»

«መቀሴን ይዤ ቆሜ አንተን መስማት በለጠብኝ።» ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሹ። «እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ኋላ ስገባ ማቆም ጀመርክ። ‹ፀጉር ቆራጭ ምን ጆሮ አለው› ብለህ ያፈርክብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ጫማዬን አውልቄ በር ላይ እየቆምኩ ነው የሰማሁህ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት።»

«እኔ?! ባፍር በራሴ ነው እንጂ አባባ! የበደልኩዎትን እያሰብኩ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው!»

ሁለቱም ተያዩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ ይበልጥ ሞኙ? በል ተወው። ይሄን ክር ፍታና ወደ ግራ መልሰው።»

«እንዴ፣ ስንት ተለፍቶበት…»

«መልሰው አልኩህ። የዚያ ሰውዬማ ሸክላው አለ። እኔ የምፈልገው ያንተን ነው።»

ግራኙ አሮጌዋን አጥንት ከኪሱ አወጣ። እሱ ክር ሲያስገባ አባቱ ጫፉን ይዘው እየወጠሩለት፣ ስድስቱንም አንድ በአንድ መለሱ። ቃኘው። ጀመረ፤ ሳተ፤ እንደገና ጀመረ። አባቱ እጁን አላዩም፣ ፊቱን ነው የሚያዩት። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሲጨርስ ሽማግሌው እግራቸውን ዘርግተው ወንበሩ ላይ ተመቻቹ።

«ተቀምጬ ሰምቼህ አላውቅም ነበር» አሉ። «ሌላ ጨምር።»