ሐዘንተኛ አይጋግርም

ኦሊምፒያ ከኒው ጀርሲ ተነስታ ናፖሊ ስትደርስ እናቷ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሻንጣዋ ውስጥ፣ በሹራብ የተጠቀለለ ሁለት ኪሎ ደረቅ ሞዛሬላ አይብ አለ። እናቷ በየደብዳቤዋ መጨረሻ «ያንን የአሜሪካ ዳቦሽን ሳልቀምስ እንዳልሞት» ትል ነበርና፣ ኦሊምፒያ ለዚያ ዳቦ የሚሆነውን አይብ የገዛችው እናቷ በሕይወት ሳለች ነው።

የእናቷ ቤት ምድጃ ጠፍቷል። ሐዘንተኛ እሳት አይነካም፤ የሚበላውን ጎረቤት ያመጣለታል። ይህን አልረሳችም። ስለዚህ አይቡን ይዛ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ኑንዚያ ቤት ተሻገረች።

ኑንዚያ ለሐዘንተኞቹ ካልዞኔ፣ አይብ የተሞላ ዳቦ፣ እየሠራች ነበር። ውሃው የተንጠፈጠፈ ለስላሳ የሪኮታ አይብ በጢስ ከታጠነ የፕሮቮላ አይብ ጋር አደባልቃ፣ ሊጡን እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፋ፣ ጠርዙን በጣቷ ትቆነጥጣለች። ኦሊምፒያ ግን ሊጧን ዳምጣ፣ አይቧንና በስሱ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ደርድራ እንደ ምንጣፍ ጠቀለለችው።

«ይሄ ደግሞ ስሙ ማን ነው?»

«ስትሮምቦሊ።»

«እሳት የሚተፋው ተራራ? እናንተ እዚያ ተራራም ትበላላችሁ እንዴ?»

ኦሊምፒያ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ኑንዚያ ከአይቡ ቆረስ አድርጋ ጨመቀችው።

«ጠብ የሚል ነገር የለውም። የኛ እኮ ገና ሲነኩት ያለቅሳል።»

«መንገድ የሚችለው እንዲህ ያለው ነው።»

ኑንዚያ ቁራሹን መልሳ አስቀመጠች። «ተይው ይቅር፣ እህቴ። እነሱ የኔን ይበላሉ። አንቺ ሄደሽ ቁጭ በይ።»

ኦሊምፒያ ለድካሟ ያዘነችላት መሰላትና ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

የበሰለውን በትሪ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ፣ ታናሽ ወንድሟ አንዬሎና ታናሽ እህቷ ቲቲና ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ለእሷ የተተወ ወንበር አለ። አንዬሎ ትሪውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«እማዬ የጠየቀችኝ ዳቦ።»

«ማን ጋገረው?»

«እኔ። ኑንዚያ ቤት።»

«እናቷ የሞተችባት ልጅ የትም ቤት አትጋግርም። ምግብ ይዞ የሚመጣ ባዳ ነው። አንቺን እዚህ አስቀምጦ ሰው ነበር የሚያጎርስሽ።»

«እዚያ አሜሪካ ልጅም ያመጣል፣ አንዬሎ። ረስቼው ነው።»

«ከሄድሽ ሠላሳ ዓመት ነው፤ አልፈርድብሽም» አለ። ቁጣ አልነበረውም። የባሰባትም ይኸው ነው።

ትሪውን አስቀምጣ ልትቀመጥ ስትል ለቀስተኞች ገቡ። ጠረጴዛው ጎረቤት ባመጣው ምግብ ሞልቶ ማስቀመጫ አጣች። ምግብ ካመጡት ሴቶች ጋር እንደ ቆመች ቀረች። እየመጡ የቲቲናን ጉንጭ ሳሙ፣ ባዶውን ወንበር ዘለሉ፣ የአንዬሎን እጅ ጨበጡ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። ወደ እሷ የዞረ የለም። አንዬሎ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ በዓይኑ ወደ ወንበሩ አመለከታት። ትሪው ግን በእጇ ነበር፣ ሰውም በመካከላቸው።

አንዲት አሮጊት ከዳቦው ቆርሰው አላመጡ። «አይቡ ደረቅ ይላል። ይሁን፣ ደግ ጎረቤት ነሽ። ሟችን ታውቂያቸው ነበር?»

አንዬሎ መልሷን እየጠበቀ ወለሉን ያያል።

«ከሩቅ ነው የማውቃቸው» አለች።