ዝም ብሎ የሚዞር መብራት

በዳንቴራስ፣ ለበረከት አዲስ ዕቃ በሚገዛበት የበዓል ቀን፣ የገዛውን ባዶውን ይዞ ሰው ቤት የሚገባ የለም። አንድ ጭብጥ ሩዝ፣ ካልተገኘም ጉንጭ ውኃ ይጨመርበታል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በናስ ሠሪዎች ከተማ በሚርዛፑር ናስ ሲቀጠቀጥ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ልቤ ከሚስቴ ከሾባ ሳል ጋር ነበር፤ የገዛሁትን ትንሽ የናስ ገንቦ እንዳለ ታቅፌ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

የወንድሜ ቤት ስል ያው የአባታችን ቤት ነው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ወናፍ ስነፋ እሱ በእኔ ላብ ተምሮ የመንግሥት ጸሐፊ ሆነ። አባታችን ሲሞት ግቢውን መሐል ለመሐል በግንብ ከፈለው። ለእኔ ዕቃ ቤቱ ደረሰኝ፤ ለእሱ ሰፊው ቤትና እናታችን። «ከማን ጋር መኖር ትወጃለሽ?» ያላት የለም፤ እሷም ትንፍሽ አላለችም። ያን ዝምታዋን አልረሳሁላትም።

የሄድኩት ለአንድ ነገር ነው። በዚያ ምሽት ለሞት ጌታ ለያማ የሊጥ መብራት ይበራል። የቤቱ ታላቅ ሴት መብራቱን ይዛ በየክፍሉ፣ በየአልጋው ትዞርና ውጭ አውጥታ ወደ ደቡብ አዙራ ትተወዋለች። ያለጊዜው የሚመጣ ሞት ከቤት የሚወጣው እንዲያ ነው። መብራቱን የያዘች ሴት አፏን አትከፍትም፤ ሲወጣም ማንም አያየውም። በእኔ ቤት የምትዞረው ሾባ ነበረች። ዘንድሮ ከአልጋ መነሳት አቃታት።

«እናትህን ለምንልኝ፤ እሷ ትዙርልኝ» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ የምትለው ይህንኑ ነው።

በሩን የከፈተችው የወንድሜ ሚስት ኡርሚላ ናት። ዓይኗ ቀድሞ ገንቦው ውስጥ ገባ።

«ውይ! ባዶ ነው እንዴ? በዛሬ ቀን?»

«እትዬ፣ ለእማ ላሳያት ብዬ ነው።»

«ድህነትህን እዚያው ቤትህ አታሳይም?» ወደ ውስጥ ዞረች። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ና እይ! ወንድምህ ባዶነቱን ሊያካፍለን መጥቷል!»

ወንድሜ ከውስጥ ሳቀ። «ተይው፤ እሱም እንደ ገንቦው ነው፣ ባዶ ሲሆን ነው የሚጮኸው።»

እናቴ መሬት ተቀምጣ የመብራቱን ሊጥ ትጠፈጥፋለች። ቀና አለች።

«ሾባስ?»

«ትስላለች» አልኩ።

የሾባን ልመና ግን አላነሳሁም። በኡርሚላ ፊት ልለምን? ገንቦውን ደፉ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

«እናትህ ምን አለች?» አለች ሾባ።

«ምንም።»

ውሸት አልተናገርኩም። ሾባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲመሽ ሰፈሩ በሩን ዘጋ፤ እኔም መወርወሪያውን ጣልኩ። ትንሽ ቆይቶ በራችን ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ በጣት።

«ማነው?»

ዝም። በሳንቃው ስንጥቅ ቢጫ ብርሃን ይወዛወዛል።

«መብራታቸው ነው! ሞታቸውን እኛ ደጅ ሊጥሉ! ዓይንሽን ጨፍኚ!» አልኩ።

«እናትህ ብትሆንስ? ክፈትላት።»

«ብትሆን አፍ የላትም?»

«መብራት ይዛ እንዴት ትናገር?»

«የእኔ እናት መብራት ሳትይዝም ዝም ናት።»

እንደገና ተንኳኳ። ሾባ ልትነሳ ሞከረች፤ ሳሉ መልሶ ጣላት። ከዚያ የሚጎተት እግር ሰማሁ፤ እየራቀ ሄደ።

ጠዋት በሩን ስከፍት መብራቱ ደፋችን ላይ ነድዶ አልቋል፤ ሊጡ ጠቁሯል። አጠገቡ የእኔ ገንቦ፣ እስከ አንገቱ ሩዝ ተሞልቶ።

ሾባ ከጥቂት ወራት በኋላ ለሚመጣው ለሆሊ በዓል አልደረሰችም። ጎረቤቱ «መብራቱ ገብቶ ስላልዞረ ነው» ይላል፤ ይበል። ሬሳዋ ከግቢ ሲወጣ እናቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ያኔ እጇ ላይ መብራት አልነበረም፤ ያኔም አንድ ቃል አልወጣትም። እኔም አልጠየቅኳት።

ሩዙን አልበላሁትም። ገንቦው እንደተሞላ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ነቀዝ ገብቶበታል። ባዶ ነው የሚለኝ ካለ መጥቶ ይይ።