የዴልበርት ምስማሮች

ዴልበርት ሞተር ከሚጠግንበት ጊዜ ይልቅ ባለሞተሩን የሚያዋርድበት ይበልጣል። አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት ውስጥ፣ ዙሪያው ሁሉ በቆሎ በሆነበት ከተማ፣ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ምስማር ደርድሮ ከየምስማሩ የተበላሸ ካርቡራቶር አንጠልጥሏል። ከእያንዳንዱ ሥር የባለቤቱን ስም በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፏል። እሱ ይህን ማስተማር ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጡረተኞቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ነጻ ቡናውን እየጠጡ፣ ስሞቹን እያነበቡ ይስቃሉ። አብዛኞቹ የበቆሎ ገበሬ የነበሩ ናቸው። በቆሏቸውን ኢታኖል የሚባለውን አልኮል ለሚያወጣው ፋብሪካ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ያው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ሲመለስ ግን፣ ላስቲክ ስለሚያበላሽ፣ የራሳቸው ሞተር መጋዝ አጠገብ አያስደርሱትም። እሱ ለሌላ ሰው ሞተር ነው።

ቬልማ የባሏን ሞተር መጋዝና የቤንዚን ጀሪካኑን ይዛ የመጣችው እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። ኦርቪል ከሞተ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ መጋዙ አልነሳ ብሏታል። ዴልበርት ካርቡራቶሩን ፈታ፣ የተጨማደደውን ላስቲክ አየና ጀሪካኑን ተቀበላት። በቀጭን ጠርሙስ ላይ እስከተሰመረው መስመር ውሃ ሞላ፣ ከላዩ ቤንዚኑን ጨመረ፣ ናጠውና ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አልኮል ካለበት አልኮሉ ወደ ውሃው ይወርድና ውሃው ከመስመሩ በላይ ከፍ ይላል። የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ አለ።

«በቆሎ ነው» አለ ዴልበርት፣ ፊቱን ወደ አግዳሚው አዙሮ። «ባልሽ ስንት ዓመት እዚህ ቁጭ ብሎ ስናገር ሰምቶኛል። ከዚያ ሄዶ ርካሹን ድብልቅ ይቀዳል። መጋዙን የገደለው እሱ ነው።»

«ኦርቪል ንጹሁን ፍለጋ ሃያ ማይል ይነዳ ነበር።»

«ነዳሁ ብሎሻል።»

አግዳሚው ሳቀ። ከኦርቪል ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው የሳቁት። ቬልማ ገና በሩን ሳትወጣ ካርቡራቶሩ ተሰቀለ፣ ስሙም ተጻፈ።

ኦርቪል ጉድለት ነበረው። ልደቷን ይረሳል፣ ስብከት ላይ ያንኮራፋል። ውሸት ግን አያውቅም፤ የምትጋግረውን ኬክ እንኳን ደረቀ ሲል ደረቀ ነው። አሁን በሞተ ሰው ላይ ውሸታም የሚል ምስማር ተመትቷል። ቬልማ ሌሊቱን ያችን ካርቶን ስታስብ አደረች። መውረድ አለባት።

ሰኞ ዕለት የኦርቪልን ጀሪካን ይዛ ሃያውን ማይል ነድታ እሱ ይቀዳበት የነበረው ማደያ ሄደች። ለርካሹም ለንጹሁም ቤንዚኑ የሚወርድበት ጎማ አንድ ብቻ ነው፤ የሚለየው የሚጫነው ቁልፍ ነው። ከፊቷ የነበረው ሰውዬ ድብልቁን ሞልቶ ሄደ። ቬልማ ጎማውን እንዳነሳች ቆም አለች። ሰውዬው ሄዷል፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ግን የማን ነው? ገብታ ገንዘብ ተቀባይዋን ጠየቀቻት።

«ከፊትሽ የቀዳው ሰው ነዋ» አለቻት ሴትዮዋ። «ለመኪና ምንም አይደል። እንዲህ ባለች ትንሽ ጀሪካን ግን ሲሶው የሱ ነው።»

«ዴልበርት ይሄን ያውቃል?»

«ያ ቁጡው? ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ፣ እንዲህ ባለችው ነው የሚቀዳው። እሱ ያወራል እንጂ ምን ይጠይቃል።»

ቬልማ ቅዳሜን ጠበቀች። አግዳሚው እስኪሞላም ታገሰች። ከዚያ ዴልበርትን በትሕትና፣ የራሱን ቤንዚን ቢፈትሽላት ንጹሁ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችው። ደስ አለው። በዚህ አውራጃ ንጹህ ቤንዚን ያለው እሱ ብቻ እንደሆነ እየለፈፈ ቀዳ፣ ናጠ፣ አቆመ።

ውሃው የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ አለ።

ጠርሙሱ ቆሽሾ ነው አለ። አጥቦ ደገመው። ከፍ አለ። ቬልማ የጎማውን ነገር ለአግዳሚው በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳች። ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ጀሪካን እያሰበ ነበር። ዴልበርት ጠርሙሱን አፍጥጦ ያያል፣ ጆሮው ቀልቷል። ልታዝንለት ሞከረችና አልሆነላትም። እንዲያውም ደስ ብሏታል።

የኦርቪልን ካርቶን ከምስማሩ አወረደች። ገልብጣ ከነእስክሪፕቶው ፊቱ አስቀመጠችው።

«ጻፍ።»

ዴልበርት አግዳሚውን አየ። አግዳሚው ቡናውን ያያል። ጎንበስ ብሎ የራሱን ስም ለማንበብ መነጽር እስኪያስፈልግ ድረስ አሳንሶ ጻፈው።

ቬልማ አይታ መለሰችለት።

«የኦርቪልን በጻፍክበት ልክ አድርገው» አለችው።