ሰባት ዓመት ከአሥር ቀን

አባዬ የሚሠራበት የባቡር ካምፓኒ ጋርዴና የምትባል ከተማ ነበር። ካምፓኒ ይባል እንጂ ፉርጎ የሚጎትቱ ሁለት ሞተሮችና ከእኛ ኪችን ብዙም የማይበልጥ አንድ ቢሮ ነው። የአባዬ ሥራ የገባውንና የወጣውን ፉርጎ ቁጥር ከነቀኑ መመዝገብ ነው። ጋሼ ለገሠ ደግሞ ያንኑ ሥራ ወደቡ አጠገብ ባለው ሌላ ትንሽ ካምፓኒ ይሠራል። ሁለቱ አዲስ አበባ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ጓደኞች ናቸው። አባዬ በፈረንጅ 1965 ወደዚህ ሰው አገር ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበለው ጋሼ ለገሠ ነው። እሑድ እሑድ ፌርፋክስ ሰፈር ያለው አፓርታማችን ይመጣና ሲሰዳደቡ ይውላሉ።

«የእናንተን ባቡር እኮ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመዋል» ይላል ጋሼ ለገሠ።

«አንተ ደግሞ። የእናንተ መቼ ሐዲዱ ላይ ውሎ ያውቃል?» ይላል አባዬ።

እኔ በሁለቱም እስቃለሁ። ፉርጎ ቆጣሪ ሁላ።

አምና አንድ ትልቅ ካምፓኒ መጣና እነዚህን ሁለቱን፣ ሌላም ሦስተኛ ጨምሮ፣ ጠቀለላቸው። «መርጅ አደረግን» ብለው ለሠራተኛው ዶናት አበሉ። ከዶናቱ በኋላ ፎርም መጣ። ቢሮው አንድ ከሆነ አንድ መዝጋቢ ይበቃል፣ ሶ የሚቀረው ቀድሞ የተቀጠረው ነው ተባለ። ሌላው ወይ ሩቅ ቦታ ይላካል ወይ ተራ ይጠብቃል። የትንንሾቹ ካምፓኒዎች የድሮ ወረቀት የት እንደገባ ስለማይታወቅ ሁሉም የተቀጠረበትን ቀን ራሱ ጽፎ እንዲልክ ታዘዘ።

አባዬ ያን ሳምንት ዳብል ሺፍት ነበር። ባዶውን ፎርም ፈርሞ ሰጠኝና «ቀኑ ዳዊቴ ጀርባ ላይ አለ፤ ሞልተሽ ፖስት አድርጊው» አለኝ።

ዳዊቱ ጀርባ ላይ «መስከረም 6 ቀን 1961 ሥራ ገባሁ» ይላል። እኔ ሴፕቴምበር 6፣ 1961 ብዬ ጻፍኩ። መስከረም ሴፕቴምበር ነው፣ ስድስት ስድስት ነው። ትምህርት ብዙ አልገፋችም ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ የኛ ዘመን በመስከረም ከነሱ ሰባት ዓመት ከአሥር ቀን ወደኋላ እንደሚቀር አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ራዲዮ እየሰማሁ ነበር። ያው ነው።

ማን ቀድሞ እንደተቀጠረ የሚያሳየው ሊስት የተለጠፈው አርብ ነው፤ አባዬ እረፍት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ለገሠ መጣ። ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም።

«አምዴ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለው አባዬን።

«ምን ተገኘ?»

«አንደኛ ወጥተሃላ። በስድሳ አንድ ተቀጥረህ። እኔ በስድሳ ስድስት ነኝ፣ ሁለተኛ። በፈረንጅ ስድሳ አንድ የት ነበርክ? ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አልነበርክም እንዴ?»

አባዬ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየሁት አላውቅም፣ ሳቁ ግን ቆመ።

«እኔ ነኝ...» ልል አፌን ስከፍት «አንቺ ክፍልሽ ግቢ» አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ለገሠ። በኛ ዘመን ጽፌው ነው። የኔ ስድሳ ስምንት እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ሰኞ ሄጄ አስተካክላለሁ።»

«በኛ ዘመን?» አለ ጋሼ ለገሠ። «በቀን መቶ ጊዜ የፈረንጅ ቀን ስትጽፍ የምትውል ሰውዬ፣ ለዚች ብቻ የኛ ዘመን ትዝ አለህ?»

እውነቱ እኔ ነበርኩ። እኔን ሲደብቅ እውነቱ ውሸት መሰለ።

ሰኞ አሞኛል ብዬ ትምህርት ቤት ቀረሁ። እማዬ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ሥራ ሄዳለች። ገና ጠዋት አባዬ ተመለሰ። ሊያስተካክል ሲገባ አለቃው «ቅዳሜ አንድ ሰው ደውሎ ነግሮናል» አለው። ራሱ ቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ከሊስቱ ግርጌ ይወርድ ነበር፣ ያ ብቻ። ዋሽቶ የተገኘ ግን ይባረራል፤ አባዬም ተባረረ። ምሳውን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ፈታው። አልበላም። እኔንም አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ።

በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ወደቡ ድረስ ሄድኩ። ጋሼ ለገሠ ሐዲዱ ዳር ቆሞ ቁጥር ይጽፋል። ሁሉንም ነገርኩት፦ ዳዊቱን፣ ራዲዮውን፣ የፈረመበትን ባዶ ፎርም።

«አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«አባዬማ እዚህ መምጣቴን ቢያውቅ ይገድለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔን እንዳትቆጣኝ ነዋ።»

ፉርጎዎቹ በፊቱ ያልፋሉ፣ እሱ ግን መጻፍ አቁሟል። አሥር ይሆኑ፣ አሥራ አምስት፣ አንዱንም አልመዘገበ። «ቅዳሜ ጠዋት ነው የደወልኩት» አለ። «ሰኞን መጠበቅ እችል ነበር።»

እሑድ ጋሼ ለገሠ መጣ። አባዬ ራሱ ከፈተለት። ይጮኽበታል ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸበት።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ለገሠ» አለው። «ይግቡ።»

ጋሼ ለገሠ ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ። «አምዴ፣ በናትህ። ስደበኝ።»

«ይግቡ እንጂ፣ ቆመው አይቅሩ» አለና ወንበር ሳበለት። ሻይ እንዳመጣ አዘዘኝ። ስለ ቤተሰቡ ጠየቀው፣ ስለ ጤናው ጠየቀው፣ ሁሉንም እንደማያውቀው እንግዳ፣ ሁሉንም በአንቱ። ጋሼ ለገሠ ሁለት ጊዜ «አንተ» ብሎ ጀመረ፤ ሦስተኛው ላይ እሱም «እርስዎ» አለ፤ አባባሉ አላማረበትም፣ ቃሉን የተዋሰው ይመስላል። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። አባዬ እስከ ደረጃው ሸኘውና «በደኅና ይግቡ» አለው።