ጨው የበላው መስመር

የጠላት መርከቦች ሄደው የፎርኪያ ሰዎች ከተራራው ሲወርዱ፣ ቤታቸው አመድ፣ ወደቡ አፋፍ ላይ የነበረው የታሪክ ድንጋይ ደግሞ ጠጠር ሆኖ ጠበቃቸው። ቤቱስ ይሠራል። ድንጋዩ ላይ ግን ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት፣ ማን እንደጠቀማትና ማን እንደበደላት ተጽፎ ነበር። ያን ሁሉ በቃሏ የምታውቅ አንዲት ሴት ቀርታለች፤ መረብ ጠጋኟ ቲማሬቴ። የከተማው ነገር አስታዋሽ የነበረው አባቷ፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እሷን አስጠንቷት ነው የሞተው።

ሽማግሌዎቹ አዲስ ድንጋይ አቆሙ። ጠራቢው ኤውክሌስም መሮውን ስሎ ተቀመጠ። አሮጊቷ መረቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየጠገነች ትነግረው ጀመር።

«ቀስ ይበሉ እንጂ እማማ! ድንጋይ እኮ እንደ እርስዎ ምላስ አይሮጥም።»

«አንተም እጅህ እንደ ወሬህ ይፍጠን!»

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሰባት ጀልባ የመጡት መሥራቾች፣ ዓለት ፈልፍለው የምንጩን ውሃ ያወረዱት ወንድማማቾች፣ በረሃብ ዘመን ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ለጎረቤት ከተማ ያካፈሉ ሴቶች... አንድም ስም አልተምታታባትም። ኤውክሌስ ስንት ነገር በዚያች ትንሽ ራስ ውስጥ እንዳለ እያሰበ ይገረም ነበር።

በአራተኛው ቀን እጇ መረቡ ላይ ቆመ።

«ደከምዎት?»

«አልደከመኝም። ጻፍ፤ ድሮ ከተማዋ በተከበበች ጊዜ የወደቡን በር ለጠላት የከፈተው ኒካንድሮስ ነው።»

ኤውክሌስ መዶሻውን አወረደ። «ኒካንድሮስ... የእርስዎ አያት?»

«የአባቴ አባት።»

«በድሮው ድንጋይ ላይ የባሕር ጨው በልቷት የማትነበበው መስመር ይቺ ነበረች እንዴ?» ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ቀነሰ። «እማማ፣ ማንም አያውቅም። የልጅ ልጅዎ ደግሞ ወይን ሲለቀም ልትዳር ነው። ልዝለላት?»

«አባቴ እዚህች ጋ ሲደርስ ድምፁ ይሰበር ነበር። ዘሏት ግን አያውቅም። እኔ ይቺን ከዘለልኩ፣ ነገ ሰው ‹ሌላስ ምን ዘለለች?› ቢል ምን ትመልስለታለህ? ያኔ ሰባቱም ጀልባ ውሸት ይሆናል። ጻፍ ብያለሁ!»

ጻፈ።

ከቀትር በፊት ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አንዳንዱ ሰላምታ ነፈጋት። ወደ ማታ የሙሽራው አባት፣ ዘይት ጨማቂው ፊላግሮስ፣ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ኤውክሌስንም መስመሯን አስነበበው። ቲማሬቴም ቀና ብላ ጠበቀችው።

«ሠርጉ አይቀርም» አለ። «የራሷን ቤት ነውር እንዲህ ያወጣች ሴት ሠርጉን ባፈርስ የእኔንማ እንዴት ታደርገው ይሆን ብዬ ነው የፈራሁት!»

ሳቋን ለመቆጣጠር ፊቷን በመረቡ ከለለች። ኤውክሌስ ግን ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቷል።

በማግስቱ ጠዋት ቀድማው መጥታ ተቀምጣ አገኛት።

«የት ደርሰን ነበር እማማ?»

«በሩን መልሰው የዘጉት ሰዎች ጋ» አለችው። «ብዙ ናቸው፤ መሮህን ሳል።»