የወሰንየለሽ ጉበትና የሀብተሚካኤል ምላስ

ጎጃም በረንዳ ማር ከሚነግዱት ሁሉ የእትዬ ወሰንየለሽን ምላስ የሚያህል አልነበረም። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው ይለያሉ፤ ከለዩ በኋላም አይምሩም። አጠገባቸው ማር የሚሸጠውን ሀብተሚካኤልን ግን ደንበኛዬን ወሰደብኝ ብለው ካኮረፉት ቆይተዋል። የሚለያቸው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ሲያስነጥስ ይሰሙታል፤ "ይማርህ" አይሉትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቀኝ ጎናቸውን ያማቸው ጀመር። ሲተነፍሱ ይወጋቸዋል፤ ሕመሙ ወደ ትከሻቸው ይወጣል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትም አለው። "ባልዲ አንስቼ ነው" እያሉ ፌጦ ጠጡ፣ ነጭ ሽንኩርት በሉ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንድ ቀን ጠዋት ማር እየመዘኑ ሳሉ ጉልበታቸው ከዳቸውና ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

ሀብተሚካኤል ሲያቃስቱ ሰምቶ መጣ። ግንባራቸውን ዳሰሰና፣ "እትዬ፣ ይሄ እሳት ነው። ይነሱ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አላቸው።

"ካንተ ጋር?"

"ኩርፊያው ይቆየን። ሲሻልዎት እንቀጥላለን።"

ሐኪም ቤት ዶክተር ሱሀይር የምትባል ወጣት ሐኪም ደማቸውን አስመረመረች፤ ሆዳቸውንም በአልትራሳውንድ አየች።

"እትዬ፣ ጉበትዎ ውስጥ መግል ቋጥሯል። ያመጣው አሜባ ነው። በውሃ ወይም በምግብ አንጀት ይገባል፤ አንዳንዴ ከዚያ ወደ ጉበት ይሻገራል።"

"እኔ እኮ ሆዴን እንኳ አላስቀመጠኝም።"

"ሳያስቀምጠው ጉበቱን የሚያመው ብዙ ነው። አይስጉ፣ በኪኒን ይድናል። የእርስዎ ግን ትልቅ ስለሆነ እንዳይፈነዳ በመርፌ መጥጠን እናወጣዋለን።"

መርፌውን ሲያዩ ነጋዴነታቸው መጣ። "የኔ ልጅ፣ ከዚህ ቀጠን ያለ የለሽም?"

"መግሉ ወፍራም ነው፤ በቀጭን አይወጣም።"

"እሺ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በቀጭን?"

ዶክተሯ እየሳቀች ቦታውን አደነዘዘችና አልትራሳውንዱን እያየች መርፌውን አስገባች። ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። ወሰንየለሽ ዞር ብለው አይተውት፣ "ይሄንንስ አልቀምስም" አሉ።

ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ጎናቸውም ቀለላቸው። ዶክተሯ ኪኒኑን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ፣ ጠጅም ሆነ ሌላ መጠጥ እንዳይቀምሱ አስጠንቅቃ ወደ ቤት ላከቻቸው።

ሱቅ በተመለሱ ማግስት ከጎጃም ማር መጣላቸው። ቢቀምሱት ምስማር የላሱ መሰላቸው። ሌላውንም ቢቀምሱ ያው ምስማር። ለካ ኪኒኑ አፍ ያበላሻል። ማሩን ያመጣው ሰውዬ ቆሞ ይጠብቃል። ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ቆርቆሮውን መቱ።

"ሀብተሚካኤል፣ እስቲ ምላስህን አውሰኝ።"

መጥቶ ቀመሰ። ራሱን ነቀነቀ። "ስኳር አለው።"

ወሰንየለሽ ፊቱን አዩት። አቅራቢዬን ሊያባርርብኝ ይሆን የሚል ሐሳብ ሽው አለባቸው። ይሁንና ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃቸው መዋሉ ትዝ አላቸው። "ውሰድ፣ መልሰው" አሉት ሰውዬውን። ሰውዬው አልተከራከረም፤ አንገቱን ደፍቶ ባልዲዎቹን ጫነ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ማር ሁሉ ቀማሹ ሀብተሚካኤል ሆነ። ወሰንየለሽ ኪኒኑን ጨረሱ፤ አንጀት ውስጥ የቀረውን አሜባ የሚያጠፋውንም ሁለተኛ መድኃኒት ወሰዱ። ለክትትል ሲሄዱ ዶክተር ሱሀይር መግሉ የነበረበት ቦታ እየጠበበ መሆኑን በስክሪኑ አሳየቻቸው።

"የአፍዎስ ጣዕም ተመለሰ?"

ወሰንየለሽ ወደ በሩ ዞር አሉ። ሀብተሚካኤል ውጭ ተቀምጦ ለማያውቀው ሕመምተኛ ስለ ጉበት ያስረዳል።

"ከተመለሰ ቆየ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለሱ ግን እንዳትነግሪብኝ፤ መቅመሱን ወዶታል።"